ካይሮ ሊበር የተነሣው ሰው

ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ካይሮ ሊበር ከተነሣ ሰነባበተ። ነዳጁ ሞልቷል፤ አየሩ ጥርት ብሏል፤ መንደርደሪያው ባዶውን ተዘርግቷል። የቀረችው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ ጎማ እንዲያነሣ የታዘዘው ቁልፍ ጎማውን ትቶ የአውሮፕላኑን በር ይከፍታል።

ወዳጄ አብራሪ አይደለም። ቀን ቀን ታክሲ ይነዳል፤ ማታ ምድር ቤት ወርዶ ኮምፒዩተሩ ፊት ሲቀመጥ ግን ካፒቴን ነው። ዕቅዱን አትናቁት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ያደረገው በኤፕሪል 1946 ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)፣ በአሥመራ በኩል ካይሮ የገባው ከጦርነቱ በተረፈ ሲ-47 ነበር። የዚያ አውሮፕላን የሲቪል ወንድም ዲሲ-3 ዛሬ በኮምፒዩተሩ የበረራ ጨዋታ፣ በሲሙሌተር ውስጥ ይገኛል። ወዳጄ ያንን ጉዞ ሊደግመው ቆርጧል። ያኔ መነሻው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ እሱ «ቦሌ ይበቃኛል» ብሎ ከታሪክ ትንሽ ቅናሽ አስደርጓል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ማይክሮሶፍት የመጀመሪያውን ፍላይት ሲሙሌተር በ1982 ሲያወጣ ሰው የሚበረው በኪቦርድ ነበር፤ ወዳጄም ዘግይቶ ሲጀምር በዚያው ጀመረ። «ጂ»ን ሲጫን ጎማ ይነሣል፤ «ኤፍ 4»ን ሲጫን ሞተሩ ያለ የሌለ ጉልበቱን ይሰጣል። አለቀ። በዚያ ዘመን ያልደረሰበት አልነበረም፤ ቁርስ ድሬዳዋ፣ ምሳ ላሊበላ። አስተራረፉ ማረፍ ባይባልም ይደርስ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰው እቤቱ ሙሉ ኮክፒት ሠርቶ አየ። ከዚያ ወዲያ ኪቦርድ የልጅ መጫወቻ ሆነችበት።

መጀመሪያ ጆይስቲክ መጣ። ቀጥሎ «ዲሲ-3 በጆይስቲክ አይበርም» ተባለና ዮክ የሚሉት ባለ ሁለት እጀታ መሪ መጣ። አውሮፕላኑ ለእያንዳንዱ ሞተር ሦስት ሦስት ማንሻ አለው፤ አንዱ ለጉልበት፣ አንዱ ለፕሮፔለር፣ አንዱ ለነዳጅና ለአየር ድብልቅ፤ እናም ባለ ስድስት ማንሻ ሣጥን መጣ። እግርም ሥራ ፈቶ መቀመጥ የለበትምና ፔዳል ተከተለ። ባለቤቱ ጠረጴዛው ላይ ቡና የምታስቀምጥበት ቦታ ስታጣ ስኒውን መሬት ላይ፣ ፔዳሉ ጎን ታስቀምጥለት ጀመር። ሁለቴ ረግጦታል።

ዕቃው ተሟላ፤ ሥራው ግን ገና ነው። እንደ ሴስና ባለ እውነተኛ ትንሽ አውሮፕላን ላይ ቀይዋ መሳቢያ ድብልቁን እንጂ ሌላ ነገር አትነካም፤ ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ ሥራዋ ይኸው ነው። በዩኤስቢ የሚሰካው ማንሻ ግን ከካርቶኑ ሲወጣ ሥራ የለውም። ሲሙሌተሩ የሚያውቀው «ቁልፍ 14» ወይም «አክሲስ ዜድ» ብሎ ነው። ሥራ የሚሰጠው ባለቤቱ ነው፤ ትእዛዙን ከዝርዝር ውስጥ ይፈልጋል፣ ማንሻውን ያነቃንቃል፣ ሲሙሌተሩ አየሁት ሲለው ያጸድቃል። ዝርዝሩ ታዲያ የዋዛ አይደለም። ትሮትል (የጉልበቱ ማንሻ) ብቻውን «ለሞተር አንድ»፣ «ለሞተር ሁለት»፣ «ለሁሉም»፣ «ከዜሮ እስከ መቶ» እያለ ይወርዳል። ወዳጄ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ማታ ይገባል፤ ሲወጣ ነግቷል።

ሲሙሌተሩ ደግሞ ደግ ልሁን ይላል። አዲስ ዕቃ በተሰካ ቁጥር ሳይጠየቅ ሥራ ያድላል። ጆይስቲኩ ላይ ያለችውን ተንሸራታች ትሮትል አድርጎ ሾሟት ነበር፤ ባለ ስድስት ማንሻው ሣጥን ሲመጣም ትሮትል አድርጎ ሾመው፤ የቀድሞዋን ግን አልሻራትም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። እዚህ ሁለቱም ባላ አልተሰበረም፤ ችግሩም እሱ ነው። የተንሸራታቿ ፖቴንሽዮሜትር አቧራ ሲይዘው ማንም ሳይነካው ይንቀጠቀጣል፤ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ሲሙሌተሩ አዲስ ትእዛዝ የመጣ መስሎት ሞተሩን ወደ እሷ ይመልሳል። ወዳጄ በሙሉ ጉልበት እየተንደረደረ ሞተሩ ድንገት ዝም ይላል፤ ደግሞ ያጓራል። የሞተር ብልሽት መስሎት ስለ ፕራት ኤንድ ዊትኒ ካርቡሬተር ሲያነብ ከረመ። አሁን ቢጠይቁት አሳምሮ ያስረዳል።

የፔዳሉ ይብሳል። ጫፉ ፍሬን ነው፤ ነገር ግን አክሲሱ ተገልብጦ ይነበባል። እግር ሲነሣ ሲሙሌተሩ «ፍሬኑ እስከ ጥግ ተረግጧል» ይላል፤ ሲረገጥ «ተለቀቀ» ይላል። ስለዚህ ወዳጄ እግሩን አንሥቶ ሙሉ ጉልበት ሲሰጥ አውሮፕላኑ እየተንዘፈዘፈ ባለበት ቆመ፤ ተስፋ ቆርጦ ፍሬን ሲረግጥ ተፈትልኮ ወደ ተርሚናሉ ሄደ። መድኃኒቱ ሴቲንጉ ውስጥ ያለች «ገልብጥ» የምትል አንዲት ትንሽ ሣጥን ናት፤ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። እሷን ያገኘ ሌሊት ባለቤቱን ቀስቅሶ አሳያት።

«እሰይ! ታዲያ ካይሮ ገባችሁ?» አለችው። ስታሾፍበት በብዙ ቁጥር ነው የምትጠራው፤ ከነመንገደኞቹ።

«በሩ አልዘጋ ብሎኝ ነው» አላት።

በሩና ጎማው የተደባለቁት እንዲህ ነው። ጆይስቲኩ ግርጌ ላይ በግራ ስድስት፣ በቀኝ ስድስት ቁልፎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም መንትያ ናቸው፤ ቢዳሰሱ አይለዩም። የሚገርመው፣ የአቪዬሽን ዓለም በዚሁ ነገር አንዴ ክፉኛ ተቃጥሏል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቢ-17 አብራሪዎች በሰላም አርፈው መንደርደሪያው ላይ ሳሉ ፍላፕ (የክንፉን ታጣፊ) እናነሣለን ሲሉ ጎማ ያነሡ ነበር፤ ግዙፉ ቦምብ ጣይ በሆዱ ዘጭ ይላል። ጥፋቱ የአብራሪው ነው ተባለ። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኮክፒቱን ሲያይ ግን የጎማውና የፍላፑ ማብሪያዎች ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ አንድ ዓይነት ናቸው። ሲ-47 ላይ፣ እኛኑ ካይሮ ባደረሰው ማለት ነው፣ ሁለቱ እንደዚያ አይመሳሰሉም ነበርና ያ ጣጣ አልነበረም። ቻፓኒስ የጎማው ማንሻ ላይ ትንሽ የላስቲክ ጎማ፣ የፍላፑ ላይ ሽብልቅ አስገጠመ፤ እጅ ሳያይ እንዲያውቅ። ዛሬ የአሜሪካ ደንብ በትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ላይ የጎማው ማንሻ ጫፍ ጎማ፣ የፍላፑ ደግሞ ክንፍ እንዲመስል ያስገድዳል። ወዳጄ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ያስረዳኝም እሱ ነው። እያስረዳኝ ሳለ ፍላፕ ላወርድ ብሎ ራዲዮውን አጠፋው።

ከዚያ ወዲህ ቁልፎቹ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ጽፎባቸዋል። «ፍላፕ»፣ «መብራት»፣ «ጎማ እና በር»። አንደኛው ላይ «አትንካ» ይላል። ምን እንደሚሠራ ጠየቅሁት። እሱም አያውቅም፤ አንዴ ነክቶት ሁሉም ነገር ጠፍቶበታል።

ዮኩ ላይ ያሉትን ማብሪያዎች ግን ፕላስተርም አያድናቸውም። ማብሪያው ወደ ላይ ሲሆን በርቷል፣ ወደ ታች ሲሆን ጠፍቷል የሚል ጽሑፍ አለው። ሲሙሌተሩ ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ትእዛዞች ደግሞ «ያለበትን ቀይር» ባዮች ናቸው፤ የበራውን ያጠፋሉ፣ የጠፋውን ያበራሉ። አውሮፕላኑ መብራቱን አብርቶ ከጠበቀና ማብሪያው ወደ ታች ከነበረ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁለቱ አይታረቁም። ለማስታረቅ «አብራ» እና «አጥፋ» የሚሉትን ለየብቻ ፈልጎ ለየጫፉ መስጠት ነው። ወዳጄ ይህን ለማረፊያ መብራቱ አደረገ፤ ለእጅ ፍሬኑ ሳያደርግ እንቅልፍ ወሰደው። ስለዚህ የእጅ ፍሬኑ ሲያዝ የተለቀቀ፣ ሲለቀቅ የተያዘ ነው። «ለምጄዋለሁ» ይላል።

ሲሰለቸው በሴስና 172 አዲስ አበባን አንዴ ልዙር ይላል። ቦሌ ግን ለማንም አትራራም። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላለች፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። በትንሽ አውሮፕላን ድብልቁን እስከ ጥግ ገፍተው ከተነሡ ነዳጁ ለአየሩ ይበዛና ሞተሩ ይንተፋተፋል፤ ቀይዋን ሳብ አድርጎ ነዳጁን መቀነስ ያሻል። ወዳጄ ይህንንም ያውቃል፤ ከማንሻዎቹ አንዷን ቀይ ቀብቷታል። መንደርደሪያው መሀል ሲደርስ ኮራ ብሎ ቀይዋን ሳበ። ሞተሩ መንተፋተፉን አልተወም፤ ካሜራው ግን የሰዓቶቹን ሰሌዳ አጉልቶ ፊቱ ላይ አመጣለት። ቀለም የቀባ ዕለት ሥራዋን መቀየር ረስቶ፣ ማንሻዋ አሁንም ዙም ናት። የሞተሩ ዙር ሲወርድ ቁልጭ ብሎ ታየው።

ስለ ሴንሲቲቪቲ ከርቭ ባልጀምር ይሻላል። መሪው መሀል ላይ ለስለስ፣ ዳር ላይ ጠንከር እንዲል የምትጎተት አንዲት መስመር ናት። ወዳጄ አንድ ፐርሰንት ይጎትታል፤ ያያል፤ ይመልሳል። ጸሎት እንኳ ይህን ያህል አይደጋገምም።

ለነገሩ የሲሙሌተር ሙያ ከመነሻውም የቁልፍና የፔዳል ሰው ሥራ ነው። ኤድዊን ሊንክ በ1920ዎቹ መጨረሻ የበረራ ማሠልጠኛ ሣጥኑን ሲሠራ አባቱ ቢንግሃምተን፣ ኒው ዮርክ ውስጥ የፒያኖና የኦርጋን ፋብሪካ ነበራቸው፤ ሣጥኑን ወዲያና ወዲህ ያዘነበለውም እንደ ኦርጋን ወናፍ ነው። በ1934 የአሜሪካ ጦር ገዛው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስንቱ አብራሪ በሱ ሠለጠነ። ሊንክ አንዴ መሪውን ከወናፉ ካገናኘው በኋላ ሴቲንግ የሚባል ነገር አልሠራም። ሠልጣኞቹ መብረር የተማሩት ለዚህ ይሆናል።

በፋሲካ ሰሞን እነ ወዳጄ ቤት አንድ እውነተኛ ካፒቴን በእንግድነት መጡ፤ ዓመታት 737 ያበረሩ አዛውንት ናቸው። ዶሮው ተበልቶ ሲያበቃ ምድር ቤት አወረዳቸው።

«እስቲ ካፒቴን፣ ይቺን አንድ ዙር ያዙሩልን።»

ተቀመጡ። እጃቸው ሳያስቡት ወደለመደበት ተዘረጋና አየር ጨበጠ።

«እዚያ አይደለም፤ ጎማው ስምንት ቁጥር ነው። ግን ይሄኛውን ይዘው ነው የሚጫኑት፤ ሳይዙት ከተጫኑ በር ነው።»

«ፍላፑስ?»

«ሰባት። ነካ ሲያደርጉት ይወርዳል፤ ዘለግ አድርገው ሲጫኑት ይወጣል። የእጅ ፍሬኑ ደግሞ… እሱ ተገላቢጦሽ ነው። ሲያዝ ለቀቀ ማለት ነው።»

ካፒቴኑ «አትንካ» የሚለውን ቁልፍ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ለዚህ ጠረጴዛ እኮ እንደ አዲስ አውሮፕላን ሌላ ታይፕ ሬቲንግ ሳያስፈልገኝ አይቀርም» አሉ እየሳቁ።

ወዳጄ አልሳቀም። መሳቢያውን ከፍቶ ፕላስቲክ የለበሰ ወፍራም ጥራዝ አወጣና በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

«ይሄ የመጀመሪያው ክፍል ነው ካፒቴን። እስኪጨርሱት ቡና ላስፈላልዎት።»