ፓስወርዱን ማን ነገረህ?

ትምህርት ቤታችን ዋይፋይ ያስገባ ሰሞን ርዕሰ መምህሩ «የኢንተርኔትና የኢሜይል አጠቃቀም መመሪያ አርቅቁ» ብለው ሦስት ሰው መረጡ፤ የአይሲቲ መምህሩን ስለሚያውቅ፣ የሥነ ዜጋ መምህሩን ሕግ ስለሚወድ፣ እኔን ደግሞ አማርኛ ስለማስተምር። እኔ እስከዚያ ድረስ ከኢንተርኔት ጋር የነበረኝ ዝምድና በበዓል ቀን ቴሌግራም ላይ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል አበባ ከመላክ አያልፍም ነበር።

ሦስት ሳምንት ተሰበሰብን። የሥነ ዜጋው ሰው መግቢያው እንደ ሕገ መንግሥት «እኛ» ብሎ ካልጀመረ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀብን። በመጨረሻ 17 አንቀጽ ወጣ። ተማሪ ስልክ ይዞ ግቢ አይገባም። ተማሪ ቲክቶክ አያይም። ተማሪ ቪፒኤን አይጭንም። አሥራ አራቱ አንቀጽ «ተማሪ» ብሎ ይጀምርና በ«አይ» ያልቃል። ለመምህራን የደረሱን ሦስቱ ናቸው፤ እነሱም ላይ «ቢቻል» የምትል ቃል አለች። ቃሏን የጨመርኳት እኔ ነኝ።

መመሪያው ሰልፍ ላይ ተነበበ። በሳምንቱ ከአጥሩ ውጭ፣ ጀበና ቡና የምትሸጠው ሴትዮ አጠገብ፣ ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች ግንቡን ተደግፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጸጥ ብለው ቆመው ተገኙ። ዘበኛችን ጸሎት ላይ ናቸው ብለው አልነኳቸውም። ለካ የቢሮው ዋይፋይ ግንቡን ዘልቆ ቡናው ድረስ ይመጣል። ልጆቹ ስልክ ይዘው ግቢ አልገቡም፤ አንቀጽ 1ን አክብረዋል።

አንዱ የ10ኛ ክፍል ልጅ ቢሮ ተጠራ።

«ፓስወርዱን ማን ነገረህ?»

«በሩ ነው፣ ቲቸር።»

«የምን በር?»

«የግቢው በር።»

ሁላችንም ዝም አልን። ፓስወርዱን ያወጡት ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ናቸው፤ የትምህርት ቤቱ ስምና የተመሠረተበት ዓመት። ሁለቱም የግቢው በር ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም በቀይ ቀለም ተጽፈዋል።

«ይዘጋ!» አለ የሥነ ዜጋው ሰው። እውነቱን ነው፣ መዝጋት ልምድ ያለን ነገር ነው። ግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ፌስቡክ ላይ ወጥቶ ተሰረዘ፤ ሐምሌ ላይ እንደገና ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘጋ። በዓመቱ በፈተና ሰሞን ጭራሽ ኢንተርኔቱ በሙሉ ጠፋ። ያን ጊዜ አማቴ ቤሩት ካለችው ልጃቸው ጋር በኢሞ ማውራት ሲያቅታቸው «ለፈተና ተብሎ ነው» አልኳቸው። «እኔ የምን ፈተና አለብኝ?» አሉኝ፤ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁላቸውም።

ርዕሰ መምህሩ ግን አልዘጉም፤ ብልሃት አመጡ። አዲሱ ፓስወርድ ለመምህራን ብቻ፣ በኢሜይል ብቻ ይላካል። ተላከም። ሳምንት ሙሉ አንድም መምህር አልተገናኘም።

የእኛ ሰው ኢሜይል የሚያወጣው ደብዳቤ ሊጻጻፍበት አይደለም፤ ስልኩ «ጂሜይል ከሌለህ አፕ አላወርድም» ስለሚለው ነው። የሚከፍትለትም ስልኩን የሸጠለት የሱቅ ልጅ ነው። ልጁ ስም ያወጣል፣ ፓስወርድ ያወጣል፣ ካርቶኑ ላይ ይጽፍለታል። ካርቶኑን ሚስት ትጥለዋለች። ኢሜይሉ ከዚያ በኋላ እንደ ክርስትና ስም ነው፤ አለ፣ የሚጠራው ግን የለም። ከእኛ መምህራን የሚበዙት ስልክ የገዙት ከአስፋልቱ ማዶ ካለችው አንዲት ሱቅ ነው። የፊዚክሱ መምህር ኢሜይል በሱቁ ልጅ ስም ይጀምራል፤ ሲከፈት የነበረው ስም አልያዝ ብሎ ነው አሉ።

በስምንተኛው ቀን አላስቻለኝም። ከግቢ ወጥቼ ወደ ቡናዋ ሄድኩና ለዚያ የ10ኛ ክፍል ልጅ ስልኬን ሰጥቼ «እስቲ ኢሜይሌን ክፈትልኝ» አልኩት። አላመነታም፤ በአንድ ሙከራ ከፈተው።

«እንዴት አወቅከው?»

«ቲቸር፣ ሱቁ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ፓስወርድ ነው የሚያደርገው። የእኔም እንደዚያ ነው።»

ደብዳቤው አለ። ፓስወርዱም አለ። ልጁ ግን ደብዳቤውን እንኳ አላየም፤ ዋይፋዩን በቃሉ ሞላልኝ። ከመምህራን ኢሜይል የትኛውን ቀድሞ እንደከፈተ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። ሁለት ሲኒ ቡና ከፈልኩ።

ግንቡን ተደግፌ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ከተማሪዎቼ መሀል ቆሜ ሳለሁ የርዕሰ መምህሩ ጫማ ፊቴ ቆመ። ቀና አልኩ።

«መምህር፣ ፓስወርዱን ማን ነገረህ?»

መመሪያው አሁን 18 አንቀጽ ሆኗል። አሥራ ስምንተኛው «መምህር» ብሎ ይጀምራል፤ «ቢቻል» የለበትም።