ለሃይላንድ ጥብቅና

የመርካቶው ምን አለሽ ተራ ነጋዴ ለሽንቱ ብሎ ከባንኮኒው ሥር ስለሚያስቀምጣት ባዶ ሃይላንድ ብዙ ክፉ ተወርቷል። ነውር ነው ይላሉ፤ ኋላ ቀርነት ነው ይላሉ። እኔ ነገሩን ረጋ ብዬ ብመረምረው ወቀሳው ከቅናት የመነጨ ሆኖ አገኘሁት።

እስቲ መጀመሪያ የሰለጠነውን ዓለም እንይ። አሜሪካ ጡረታ የወጣ ሰው ቤቱን ጎማ ላይ ጭኖ አገር ላገር ይዞራል። አልጋ፣ ምድጃ፣ ሽንት ቤት ሁሉ መኪናው ውስጥ አለ። ከወለሉ ሥር ሁለት ታንከር ተገጥሟል፤ አንዱ የዕቃና የገላ እጣቢ ይወርድበታል፣ ሌላው ደግሞ ያው የሚወርደው ይወርድበታል። ፊተኛውን ግራጫ፣ ኋለኛውን ጥቁር ይሉታል። ሲሞላ ሰውዬው ለዚሁ ወደተሠራ ማራገፊያ ይነዳል፤ ጓንት ያጠልቃል፣ ወፍራም ቱቦ ይሰካል፣ መጀመሪያ ጥቁሩን ይለቃል። ግራጫው ኋላ የሚለቀቀው ቱቦውን እግረ መንገዱን እንዲያጥበው ነው። ለሽታው መድኃኒት ይጨምራል። ጌጅም አለው፤ ታዲያ አንዲት የሶፍት ቁራጭ ታንከሩ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈች ጌጁ ባዶውን «ሙሉ ነው» እያለ ሲምል ይከርማል።

ሃይላንዳችን ጌጅ አያሻትም፤ ውስጧ ከውጭ ይታያል። ቱቦ የላትም፣ ክዳን አላት። ማራገፊያ ፍለጋ ነዳጅ አታቃጥልም፤ የጎርፍ መውረጃው ቦይ ከሱቁ ደጃፍ ነው። መድኃኒት ቢባል በረኪና አለ፤ በረኪናው ራሱ የሚሸጠው በሃይላንድ ነው።

«ታዲያ ለምን ወጣ ብሎ ሽንት ቤት አይሄድም?» የሚል ሰው ምን አለሽ ተራን አያውቃትም። እዚህ ደንበኛ የሚፈልገውን ዕቃ ስሙን አያውቅም፤ ጥርሱ ያለቀ ብሎን ከኪሱ አውጥቶ «ወንድሜ፣ የዚህ ቢጤ አለህ?» ይላል። ነጋዴው ከዛገ ክምር ውስጥ እየመዘዘ ሲለካለት ይቆያል። ይህ ነጋዴ ከፍሎ ለመሽናት ወረፋ ይዞ ሲመለስ ብሎኑ ከጎረቤት ተገዝቷል፤ ውጭ የተዘረጋው ዕቃም ከፊሉ እግር አውጥቷል። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገበያውን ከአራዳ አንስቶ እዚህ ሲተክል የሻጩን ፊኛ ያማከረ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ ፎቅ ጨምሯል።

ተቃዋሚዎቼ ቃሊቲን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ ቃሊቲ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኪዩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ የተሠራ ጣቢያ አለ። እዚያ የሚደርሰው ግን መስመር የገባለት ነው። መስመር ያልገባለት ጉድጓዱ ሲሞላ መጣጭ መኪና ይጠራል። የአሜሪካው ቤቱን ይዞ ወደ ማራገፊያው ይሄዳል፤ ወደ እኛ ግን ማራገፊያው ራሱ ይመጣል። እኛ በልጠናል። ብቻ መኪናው፣ በርሜል የተሸከመ ሰው «ዞር በሉ!» እያለ በጎን በሚሾልክበት መተላለፊያ እንዴት እንደሚገባ ገና አልተወሰነም።

ቦዩ ግን ሳይጠሩት ይሠራል። ክረምት ሲገባ የተቀበለውን ሁሉ ያለ ምንም ክፍያ ወደ ትንሹ አቃቂ ያወርዳል። ከወንዙ ዳር ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ይጠብቀዋል። ቆስጣው በእቅፍ በእቅፍ ታስሮ ከተማ ይገባና በጾም ቀን ነጋዴው ምሳ ላይ ይቀርባል። የራስን ገንዘብ ከነወለዱ ማግኘት ይሏል ይህ ነው።

ሃይላንዷም ብትሆን ተጥላ አትቀርም። ቆራሌው ይለቅማታል፤ በማዳበሪያ ጆንያ ታጭቃ ወደዚሁ ተራ ትመለሳለች። አሸዋና ኦሞ ገብቶባት ትንቀጠቀጣለች፣ አንገቷ ዙሪያ የቀረው ወረቀት በጥፍር ይላጣል፣ ፀሐይ ላይ በአፍጢሟ ትደፋለች፣ ከእኩዮቿ ጋር ተደርድራ ትሸጣለች። የገዛት ሰው ዘይት ይገለብጥባታል፤ ዕድል ከቀናት አረቄ። የአሜሪካው ታንከር ታንከር ሆኖ ተሠርቶ ታንከር ሆኖ ይሞታል፤ የሥራ ዕድገት የሚባል ነገር አያውቅም።

አንድ ቅሬታ ብቻ መልስ ይገባዋል፤ ሴቶቹስ? መሬት ላይ ጆንያ ዘርግታ ጠርሙስና ጀሪካን የምትሸጥ እናት በሃይላንድ ልትገለገል እንደማትችል አምናለሁ። እሷ ግን ከሁላችንም የላቀ ዘዴ አላት፤ ጠዋት ከቤቷ ከወጣች ማታ እስክትገባ ውሃ አትጠጣም። ታንከር የለም፣ ማራገፊያ የለም፣ ለከተማው አስተዳደርም አንዲት ሳንቲም ወጪ የለም። ወገቤን ወጋኝ፣ ሽንቴን አቃጠለኝ ማለቷ አይቀርም፤ እሱ ግን የጤና ጉዳይ እንጂ የፍሳሽ ስላልሆነ ለሚመለከተው ክፍል ይመራልኝ።