የእንግሊዝኛ «አሁኑኑ» ስለሚዘገይበት ሕግ አጭር ጥናት

የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አንዱን የጥድፊያ ተውሳከ ግስ የሚፈታው በሌላው ነው። «ኢሚዲየትሊ» ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀ ሰው «አት ዋንስ»ን እይ ይባላል፤ «አት ዋንስ» ዘንድ ሲደርስ ወደ «ኢሚዲየትሊ» ይመልሱታል። በዚህ ምልልስ መሐል ጊዜው አልፏል። የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ግን አይወቀሱም፤ የሚለቅሙት ቃል ራሱ በእጃቸው ላይ እየቀዘቀዘ ነው። ይህ ጥናት የሚከራከርለት ሕግ እንዲህ ይላል፦ በእንግሊዝኛ «አሁኑኑ» ብሎ ሥራ የጀመረ ቃል፣ ሰዎች ቃል መግቢያ ካደረጉት፣ ውሎ አድሮ «ቆየት ብሎ» ወደ ማለት ይወርዳል።

ዛሬ «በቅርቡ» የሚባልበት «ሱን» በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሶና» ሳለ «ወዲያውኑ» ማለት ነበር። «ፕረዘንትሊ»ም በሼክስፒር ዘመን በዚያችው ቅጽበት የሚደረገውን ነገር ይገልጽ ነበር፤ የዛሬው እንግሊዛዊ «ፕረዘንትሊ እመጣለሁ» ካለ ግን ሻይ አፍልቶ መጠበቅ ይቻላል። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ከሁሉ የባሰውን ማስረጃ ይዟል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የሄሮድያዳ ልጅ የመጥምቁ ዮሐንስ ራስ በወጭት እንዲሰጣት ስትለምን፣ ተርጓሚዎቹ «ባይ ኤንድ ባይ» አሰኝተዋታል። በዘመናቸው «አሁኑኑ» ማለት ነበርና አልተሳሳቱም። የዛሬ አንባቢ ግን ልጅቱ «ሲመችህ ይሁን፣ አትቸገር» ያለች ይመስለዋል። ከሁለት ቁጥር በኋላ ንጉሡ ወታደሩን የሚልከው «ኢሚዲየትሊ» ስለሆነ፣ በዘመናዊ ጆሮ ከልጅቱ ልመና ይልቅ የቸኮለው የሄሮድስ ትእዛዝ ነው።

አንድ ቃል ሲዘገይ እጅ ከፍንጅ የተያዘው ግን በመጠጥ ቤት ነው። ሼክስፒር በ1590ዎቹ በጻፈው የ«ሄንሪ 4ኛ» ተውኔት የመጀመሪያ ክፍል ፍራንሲስ የሚባል አሳላፊ አለ። ልዑሉ ሆን ብሎ በወሬ ይዞታል፤ የልዑሉ ጓደኛ ደግሞ ከሌላ ክፍል ሆኖ ደጋግሞ ይጠራዋል። ፍራንሲስ «አነን! አነን!» እያለ ይጮኻል፤ ካለበት ግን ንቅንቅ አይልም። «አነን» በሥርወ ቃሉ «ባንዴ» ማለት ነው፤ የፍራንሲስ እግር ግን ሥርወ ቃል አልተማረም። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ የእኛ አስተናጋጅ ተውሳከ ግሱን ጨርሶ ትቶ፣ ገና ያልሆነውን ነገር በኀላፊ ጊዜ «መጣሁ!» ብሎ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ይሄዳል። በዚህ ረገድ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ኋላ ቀር መሆኑን በትሕትና እናስገነዝባለን።

ቃላት ሁሉ ትርጉማቸው ይለወጣል፣ ይህም ከዚያው የተለየ አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ታዲያ ነገሩ አጋጣሚ ከሆነ «ሌተር» («በኋላ») ስለ ምን አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ «አሁን» ወደ ማለት አልመጣም? «ሰድንሊ»ም ዛሬ ድረስ ድንገተኛነቱን እንደያዘ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ «ድንገት እከፍልሃለሁ» ብሎ ቃል የሚገባ ባለዕዳ የለም። ቃሉን የሚያዘገየው ዕድሜ ሳይሆን ቃል ኪዳን ነው። ደቡብ አፍሪካውያን ጉዳዩን በድግግሞሽ ሊጠግኑት ሞክረው «ናው ናው» ይላሉ፤ ይኸውም ከ«ጀስት ናው» ይፈጥናል፣ ከ«አሁን» ግን ይዘገያል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ የሕግ ሰዎች ነው፦ ተራ ሰው ቢያዘገይ ፍርድ ቤት ቃሉን በልኩ ይጠቀማል ይላሉ። እንመርምረው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 የትምህርት ቤቶችን የዘር ክፍፍል ሕገ ወጥ ካለ በኋላ፣ በ1955 ስለ አፈጻጸሙ ሲከራከሩ የጥቁር ተማሪዎቹ ጠበቆች «ፎርዝዊዝ» («ሳይውል ሳያድር») የሚል ትእዛዝ ጠየቁ። ፍርድ ቤቱ የመረጠው «በሙሉ የታሰበበት ፍጥነት» የሚለውን ሐረግ ነው። የደቡብ ግዛቶች ከሐረጉ ውስጥ «የታሰበበት»ን ወስደው «ፍጥነት»ን ለፍርድ ቤቱ መለሱለት፤ አሰቡበትም። አሥር ዓመት ያህል አልፎ በቀድሞዎቹ የኮንፌዴሬሽን ግዛቶች ከነጭ ልጆች ጋር የሚማሩት ጥቁር ተማሪዎች ከመቶ 3 አይሞሉም ነበር። በ1969 ዳኞቹ በሚሲሲፒ ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ሲመለሱ ክፍፍሉ «አት ዋንስ» እንዲቆም አዘዙ። ቃሉን ብቻውን ግን አላመኑትም፤ እዚያው ዐረፍተ ነገር ላይ «አሁን» ብለው አከሉ፣ «አሁን»ም እንዳይበቃ ፈርተው «ከአሁንም ወዲያ» አስከተሉበት።