ብርድ የሚጭን መኪና ጠፋ

ጅቡቲ ላይ ፀሐይ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ ትጀምራለች፤ አንድ ሰዓት ላይ ትቆጣለች፤ ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ምን እንዳጠፋን እንኳ ሳትነግረን ትፈርድብናለች። እኔ ወሎ፣ ከላላ ደጋ ላይ ስወለድም ሳረጅም የማውቃት ፀሐይ ዓይነ አፋር ነበረች። ረፋድ ላይ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ትላለች፣ ሰው መኖሩን ስታይ ታፍራለች፣ ተመልሳ ትገባለች። ይህችም ያችው ናት ይሉኛል። የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ውሎ መጥቶ «አባባ፣ ፀሐይ እኮ አንድ ናት» ሲለኝ፣ «ከላላን ስላላየህ ነው» ብዬ አሰናበትኩት።

እዚህ ያመጣችኝ ልጄ ናት። «መንገዱ እስኪረጋጋ እኔ ዘንድ ይቆዩ፣ አባዬ» አለች። መንገዱ የምትለው የእኛኑ ነው፤ ዛሬ ተከፈተ ሲሉት ነገ የሚዘጋውን። እሺ አልኩ። ወጣት መጀመሪያ ያጉረመርምና ኋላ እሺ ይላል። ሽማግሌ ግን እሺ ካለ በኋላ ነው ማጉረምረም የሚጀምረው፤ ጊዜም ስላለው አይቸኩልም።

አወራረዴን ልንገራችሁ። ከመካነ ሰላም ተነስተን በአቀስታ አድርገን ጉጉፍቱን ስናቋርጥ፣ ከላይ ቡልኮ፣ ከቡልኮው ሥር ጋቢ፣ ከጋቢው ሥር ኮት፣ ከኮቱ ሥር ሹራብ ለብሻለሁ፤ ያም ሆኖ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ደሴ አድረን ኮምቦልቻ ስንወርድ ቡልኮው ወለቀ። ባቲ ላይ ጋቢው። ሚሌ ላይ ኮቱና ሹራቡ። ጋላፊ ኬላ ስንደርስ የሚወልቅ ነገር አልቆ ሸሚዜና ቆዳዬ ብቻ ቀሩኝ፤ ፖሊሱ ወረቀቴን ሲያገላብጥ እኔ ቆዳ እንዴት እንደሚወልቅ አሰላስል ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ድንጋይና ንፋስ ነው። ንፋስ ስላችሁ ደግሞ እንዳይመስላችሁ፤ በእኛ ዘንድ ንፋስ ብርድ ነው። እዚህ ካምሲን የሚሉት አለ፤ ምድጃ ላይ አጎንብሳችሁ እፍ ስትሉ ተመልሶ ፊታችሁን የሚለበልበው ዓይነት ነው። የሚነፍሰውም መቼ መሰላችሁ? በሐምሌ! ከላላ በዝናብ ጨልሞ፣ ሰው እሳት ከቦ የገብስ ቆሎ በሚቆረጥምበት በሐምሌ!

ቡልኮዬን ልጄ መስኮት ላይ ሰቀለችው። ፀሐይ ይከላከላል አለች። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ፈትላ ያሠራችው ቡልኮ ዛሬ የፒኬ 12ን አቧራ ያጣራል።

ፒኬ 12 ከከተማው ወጣ ብሎ የእኛ ተሳቢዎች የሚሰለፉበት ሰፈር ነው። ወደ ኢትዮጵያ ከሚገባው ዕቃ ከመቶው ዘጠና ምናምኑ በጅቡቲ በኩል ያልፋል ይባላልና መኪናው አይቆጠርም። ልጄም ለሹፌሮች ምግብ ትሸጣለች። ምግብ ቤቷ ውስጥ፣ ከጓዳው በር አጠገብ፣ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት አንድ ነጭ ፍሪዘር አለ። በዚህ አገር የሚገባኝ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ከቀትር በኋላ ከተማው ሁሉ ጋደም ሲል ቀስ ብዬ እሄድና ክዳኑን አነሳለሁ፤ ፊቴን ከበጉ ጭንና ከተጠቀለለው ዓሣ መሀል እሰድዳለሁ። ያ ነጭ እንፋሎት ወጥቶ ጢሜ ላይ ሲያርፍ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ጥር ነው። ማለዳ ነው። ጉጉፍቱ ነኝ። ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል፤ በጎቹ ከበረት አንወጣም ብለው ተጠጋግተዋል፤ እኔም ባና ውስጥ ተጠቅልዬ አፌን እንኳ ላለመክፈት...

«አባዬ! ምን እየፈለጉ ነው?»

«ጉጉፍቱን።»

«ይዝጉት እንጂ! ሥጋው ሊቀልጥ ነው! መብራቱስ ይቆጥር የለም?»

«የማን መብራት ነው የሚቆጥረው?»

እዚህ ላይ መብቴን አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጅቡቲ ከምታበራው መብራት አብዛኛው ከድሬዳዋ በኩል በተዘረጋ ሽቦ ከእኛ የሚገባ ነው። የእኛው ወንዝ ተገድቦ፣ የእኛው ውሃ አሽከርክሮት የመጣ መብራት በዚህ በረሃ ብርድ ሲሠራ፣ እኔ የወሎው ሰውዬ ፊቴን ባስገባበት ምኑ ነው ነውሩ? ይህን በሙሉ ድምፅ አስረዳኋት። «ሒሳቡን ግን የምከፍለው እኔ ነኝ» አለችና ክዳኑን አፍንጫዬ ላይ ልትዘጋው ምንም አልቀራት።

ነገሩ መብራት ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። የምጠጣው ውሃስ? እ.ኤ.አ. በ2017 ሽንሌ ውስጥ ሐዳጋላ ከሚባል ቦታ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ 102 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ተዘርግቶ ነው ወደዚህ መፍሰስ የጀመረው። ሽንኩርቱ ከእኛ፣ ቲማቲሙ ከእኛ። ጫቱማ ዕለት ዕለት ከአወዳይ ይደርሳል። ስለ ጫቱም የምለው አለኝ። በእኛ ዘንድ ጫት ወግ አለው፤ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ መንዙማ ይባላል። ወዳጃ የምንለው ይህንን ነው። እዚህ ጫቱ ሰባት ሰዓት ገደማ በጥድፊያ ይገባና የመኪናው ጡሩምባ ሲሰማ ሻጩም ገዢውም ይሮጣል። እየሮጠ የሚመረቅ ሰው አይቼ አላውቅም። «ቆዩ እንጂ፣ መጀመሪያ ልመርቃችሁ» ብዬ እጄን ብዘረጋ አንዱ ሳንቲም አኖረበት።

እና ሁሉም ነገር መጥቷል። መብራቱ መጣ፣ ውሃው መጣ፣ ሽንኩርቱ መጣ፣ እኔም መጣሁ። የቀረው ብርዱ ነው። ይህ ሁሉ መኪና ሲመላለስ አንድ ኩንታል ብርድ የሚጭን ይጥፋ?

ጃንሆይ እንኳ በሚያዝያ 1928 በባቡር ጅቡቲ ደርሰው ሳይከርሙ በእንግሊዝ መርከብ ወደ ኢየሩሳሌም አልፈዋል። ከአዲስ አበባ ያስወጣቸው ጣሊያን ነው፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ከጅቡቲ ያስቸኮላቸው ግን ሙቀቱ ነው ባይ ነኝ።

ከላላ ያሉት ወገኖቼ በበኩላቸው ሌላ ሥቃይ ናቸው። ጅቡቲ ያለ ሰው ሁሉ ባሕሩ ዳር ተቀምጦ መርከብ የሚቆጥር ይመስላቸዋል። ታናሽ ወንድሜ በብርዱ ወራት ሲደውል ጥሩ ነው። «አሰላሙ አለይኩም፣ አያ። አማን ነዎት? ደህና ነዎት? ጉልበትዎስ? ዓይንዎስ?» ይለኛል። እኔም «ወአለይኩሙ ሰላም፣ አንተስ? ልጆቹ? ከብቱ? ያ ሻኛ በሬስ? ጎረቤቱስ?» እላለሁ። ይኼ ሳያልቅ ካርዱ ይጋመሳል። ቀጥሎ «ብርዱ ፈጀን እኮ፣ አያ» ይላል።

«በል ንገረኝ።»

«ምኑን?»

«ብርዱን ነዋ! ውርጭ ነው?»

«ውርጭ ነው። ውሃው በእንስራ ውስጥ ረጋ።»

«ጉምስ አለ?»

«ጉሙማ በር ድረስ ገብቷል። ትናንት የገዛ ላሜን ሳላያት ተላተምኳት።»

«አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። ቅናቱ ግን ሆዴን ይበላኛል።

ግንቦት ላይ ሲደውል ደግሞ ሰላምታው ያጥራል። ገና ሲጀምር ድምፁ የክስ ነው። «አያ፣ ማዳበሪያው ምን ሆነ?»

«የቱ ማዳበሪያ?»

«መርከቡ ጅቡቲ ደርሷል ብለው በራዲዮ ተናግረዋል። ዘር ሊዘራ ነው፤ ዩሪያ የለም። እርስዎ እዚያ ቁጭ ብለው!»

ምን ልበል? ዶራሌ ወደብ በር ላይ ሄጄ «የከላላ ዩሪያ የታለ?» ብዬ ልጩህ? ያ ወደብ ከዳር እስከ ዳር ኮንቴይነርና ክሬን ነው፤ ዘበኛው እንኳ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያባርረኝ አላውቅም። ነገሩን ባስረዳም የሚሰማኝ የለም። ማዳበሪያው የዘገየ እንደሆነ ስሜ ለቅሶ ቤት ድረስ ይነሳል፤ «ሰውዬው ጅቡቲ ከገባ ረሳን» ይባላል። በጊዜው የደረሰ እንደሆነ ግን እኔን የሚያነሳ የለም።

ልጄ ገንዘብ ስትልክ ደግሞ «ፍራንኩ ዛሬ ስንት ገባ?» ብለው ይጠይቁኛል። ፍራንኩ የትም አልገባም። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ለአንድ ዶላር 177 ነው፤ ያኔም 177፣ ዛሬም 177። የእኛ ብር በደርግ ዘመን ዶላሩ በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህማ ለገበያ ተለቆ መጨረሻውን የሚያውቅ የለም። የሄድነው እኛ ነን እንጂ ፍራንኩማ ያው ነው። አገሩን ማመስገን አልወድም፤ ይህችን ግን መካድ አልችልም።

የልጅ ልጄን ላንሳ። ከእናቱ ጋር በአማርኛ፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር በሶማሊኛ፣ ትምህርት ቤት በፈረንሳይኛ ያወራል፤ ቁርአን ቤት ደግሞ ዐረብኛ ይቀራል። አራት ቋንቋ ያውቃል፤ በአራቱም እሺ አይልም። ውሃ አምጣልኝ ስለው ሦስቱን አዳርሶ በአራተኛው «ቆይ» ይለኛል። አንድ ቀን «አባባ፣ ሁልጊዜ የምታወራው ውርጭ ምንድን ነው?» ቢለኝ ደስ አለኝ። በወሎ አባት «አንቱ» እንጂ «አንተ» እንደማይባል ነግሬው ሳበቃ፣ እጁን ይዤ ወደ ፍሪዘሩ ወሰድኩትና ከጎኑ የጋገረውን በረዶ በጥፍሬ ፍቄ መዳፉ ላይ አኖርኩለት። «ይኸውልህ፣ አገርህ።» ላሰው። «ዓሣ ዓሣ ይላል» አለኝ።

የቀሩኝ ሹፌሮቹ ናቸው። ምሳ ሊበሉ ሲገቡ አንድ በአንድ እጠይቃቸዋለሁ፤ «በየት መጣህ? ዘንቧል? ጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል?» መጀመሪያ እውነቱን ይነግሩኝ ነበር። ኋላ ልጄ መከረቻቸው መሰለኝ፣ ሁሉም ብርድ ይዞልኝ መምጣት ጀመረ። አንዱማ «ኧረ አባቴ፣ ጉጉፍቱ በረዶ ጥሎ መንገዱ ነጭ ሆኗል!» ብሎ ሲምልልኝ በደስታ ሻይ ጋበዝኩት። ሳጣራ ልጁ የመጣው ከሞጆ ነው። ጉጉፍቱን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ቢሆንም የሻዩን አላስከፈልኩትም፤ ውሸቱ ቀዝቃዛ ነበር።

ማታ ማታ ደግሞ መኪናቸው ውስጥ ትዝታ ይከፍታሉ። ከአራቱ ቅኝት ባቲና አምባሰል በአገራችን ስም የተጠሩ ናቸው፤ ትዝታንም አንቺ ሆዬንም የወሎ ናቸው ይሉናል። ክብሩን ተቀብያለሁ። ግን እስቲ አስቡት፤ ናፍቆትን በዜማ አሳምሮ ለአገር ሁሉ ያከፋፈለ ሰው፣ ፒኬ 12 ላይ በላብ ተነክሮ ከናፍጣ ሽታ ጋር ሲመልሱለት! «ዝጉት!» እላቸዋለሁ። ሲዘጉት ደግሞ «ማን ዝጉ አላችሁ?» እላለሁ።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ የኮምቦልቻ ልጅ እጁን ታጥቦ ሳይጨርስ አጠገቤ ቁጭ አለ። «አባቴ፣ ነገ ሌሊት ማዳበሪያ ጭኜ እወጣለሁ። ጋቢናዬ ባዶ ነው። ኮምቦልቻ ላድርስዎ፤ ከዚያ ደሴ፣ ከዚያ ቤትዎ።»

ልጄ ጭልፋዋን እንደያዘች ከጓዳ ብቅ አለች። ሹፌሮቹም ማላመጥ አቆሙ።

«ነገ ሌሊት?» አልኩ። «በሌሊት እንዴት ይኬዳል?»

«ቀን ሙቀት ነው ብለው እኮ ነው የሚያማርሩት።»

«ሙቀቱንማ ለምጄዋለሁ። ጉጉፍቱ ላይ ግን ዝናብ ይሆናል፤ ይኼ ጉልበቴ ብርድ አይችልም።»

ልጄ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። እኔ ግን ፊቴን አኮሳትሬ ወደ ልጁ ዞርኩ።

«የጫንከው ምንድን ነው አልክ?»

«ዩሪያ።»

«የከላላ ነው?»

«የየት እንደሆነ አላውቅም፣ አባቴ። እኔ መጋዘን ድረስ ነው የማደርሰው።»

«እንግዲህ ተመልከት! ማዳበሪያ ላይ ተቀምጬ መጥቼ ባዶ እጄን ብገባ ምን ይሉኛል? የከላላውን ስትጭን ንገረኝ፤ ያን ቀን ሳላንገራግር አብሬህ እወጣለሁ።»

«ኬሻው ላይ እኮ ወረዳ አይጻፍም።»

«አስጽፈዋ!»