የሌለውን ሐውልት ለማየት

ሮምን፣ ፍሎረንስንና ቬኒስን ሳምንት በማይሞላ ጊዜ አያለሁ ብሎ መነሳት ድፍረት ነው። ከእትዬና ከጋሼ ጋር አያለሁ ብሎ መነሳት ግን ከድፍረትም ያልፋል። ሁለቱም ከአዲስ አበባ እኛ ወዳለንበት ፍራንክፈርት ለጥየቃ መጥተው፣ የሸንገን ቪዛቸው ላይ ቀናት ተርፏቸው ነበር። ጋሼ «ስንት የባንክ ደብተር ያሳየንበት ቪዛ ሜዳ ላይ አይወድቅም» ሲሉ ባለቤቴ ላፕቶፗን ከፈተች።

ባለቤቴ እቅድ የምታወጣው በሠንጠረዥ ነው። ከሮም ፍሎረንስ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከፍሎረንስ ቬኒስ ሁለት ሰዓት ገደማ። እንዲህ ሲታይ ጣሊያንን አቋርጦ መሄድ ከቦሌ ፒያሳ ከመድረስ ይቀላል። ጣጣው የመጣው ሠንጠረዡ ላይ ሰው ሲገባበት ነው።

«እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው» አሉ ጋሼ። ብዙ የሚፈልግ ሰው ይደራደራል፤ አንድ ብቻ የሚፈልገውን ነው መፍራት። «የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረበትን ቦታ።»

«ጋሼ፣ ሐውልቱ እኮ ተመልሷል። በ2005 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን ተጭኖ አልመጣም እንዴ?»

«መመለሱን ነዋ የማየው! ቆሞ ሳለማ ማንም ያየዋል።»

ለዚህ መልስ አልነበረንም። ፖርታ ካፔና አደባባይ ተብሎ ሠንጠረዡ ላይ ተጻፈ፤ ምን እንደሚታይ በሚሞላበት ሣጥን ውስጥ ባለቤቴ ጥቂት አመንትታ «ምንም» ብላ ሞላች። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ የሞሮኮውን ራዲን ጥሎት የሄደው እዚያው ሐውልቱ አካባቢ ነው፤ ከዚያ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ድረስ ብቻውን ሮጦ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ላይ ገባ። ጋሼ ይህችን የመጨረሻ መንገድ በባዶ እግራቸው ሊሄዷት ወስነዋል።

«በነሐሴ ፀሐይ? የሮም ድንጋይ እኮ ምጣድ ነው» አልኩ።

«አበበም እኮ የገባው መሽቶ፣ ችቦ በርቶ ነው» ስትል ባለቤቴ አገዘችኝ።

«እንግዲያው ማታ ላይ አስገቢልኝ» አሉ ጋሼ።

እትዬ በበኩላቸው ምንም አልፈለጉም። «እኔ እናንተ ካላችሁት አልወጣም» ይላሉ። ይህ ማለት ገና አልጀመሩም ማለት ነው። የጀመሩት ቫቲካን ላይ ነው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ ድሮ የእኛ ተሳላሚዎች ያርፉበት የነበረ፣ በሐበሾች ስም የሚጠራ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ሮም ከነበሩት መነኮሶቻችን ግዕዝ ተምሮ፣ በ1513 እ.ኤ.አ. መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ፤ በግዕዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ነው። ይህን ሲሰሙ እትዬ ሆቴል መያዝ ለምን እንዳስፈለገ ጠየቁ። ቦታው የቫቲካን አትክልት ውስጥ ስለሆነ አስቀድሞ ካልተመዘገቡ እንደማይገባ ነገርናቸው። «ለገዛ ቤታችን ትኬት?» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ።

ዳዊትን ያነሳነው ለፍሎረንስ መንገድ እንዲጠርግልን ነበር፤ ባሰበት እንጂ። ባለቤቴ ለፍሎረንስ የሞተች ናት። የሚኬላንጄሎን ሐውልት ፎቶ ከፍታ አሳየቻቸው።

«ይሄ ማነው?»

«ዳዊት ነው፣ እትዬ።»

«የቱ ዳዊት?»

«ንጉሡ። ጎልያድን የገደለው።»

እትዬ በየማለዳው የሚደግሙትን ዳዊት ከአምስት ሜትር በሚበልጥ ቁመት፣ እንደተወለደ ቆሞ ሲያዩት ጊዜ መነጽራቸውን አወለቁ። ጋሼ ለማስታረቅ ገቡ፤ «ምን ታደርጊዋለሽ፣ የሳኦልን ጥሩር አልለብስም ብሏል፣ መጽሐፉ ላይ አለ።»

«ጥሩር አልለብስም አለ እንጂ ሱሪ አልለብስም አላለም!»

ዋናው ሐውልት ከ1873 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ የከተማው አደባባይ ላይ የቆመው ቅጂው በነጻ ይታያል። እትዬ ይህንን አማራጭ ስናቀርብላቸው፣ ይህ ነገር ሁለት ነው እንዴ ብለው ጭራሽ ደነገጡ። ፒዛን፣ የተጣመመውን ግንብ፣ ያለ ክርክር ሰረዝነው። ሊወድቅ ያለ ግንብ ሥር ቆሞ ፎቶ የሚነሳ ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ ለእትዬ ማስረዳት አልቻልንም፤ እኔም ብሆን ለአንድ ፎቶ ግማሽ ቀን አልሰጥም።

የምግቡ ጉዳይ ግን ካሰብነው በላይ ቀለለ። ጉዟችን ፍልሰታ ውስጥ ነው የዋለው። ጣሊያኖቹ ማሪናራ የሚሉት ፒዛ አይብ የለበትም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ነው። ፓስታ በስጎም ለእኛ አዲስ የጾም ምግብ አይደለም።

ቬኒስ ላይ ልጄ ጎንዶላ አለች። የከተማው ታሪፍ ለግማሽ ሰዓት 90 ዩሮ ነው። ጋሼ በዚህ ገንዘብ ጣና ላይ ስንት ገዳም መሳለም እንደሚቻል ማስላት ጀመሩ። ደግነቱ ታላቁን ቦይ የሚያሻግር ትራጌቶ የሚባል ጀልባ አለ፤ ጎብኚን በ2 ዩሮ ያሻግራል፤ ቁጭ ሳይሉ ያልቃል። ደርሶ ለሚመለስ እንግዳ ከተማዋ በተመረጡ ቀናት መግቢያ ታስከፍላለች። የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ግን በ1402 እ.ኤ.አ. እዚያ የደረሱት ነብሮች ይዘው ነው፤ ቬኒስም ተቀበለቻቸው እንጂ ሠንጠረዥ አልጠየቀቻቸውም።

«ይሄኛው ዳዊትስ ልብስ ነበረው?» አሉ እትዬ።

ሠንጠረዡን ያየችው ልጄ ናት እውነቱን የተናገረችው። ሮም ላይ ከባቡር የምንወርድበት አደባባይ እንኳ ስሙን ያገኘው ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ በደመሰሷቸው አምስት መቶ ወታደሮች ነው፤ ጋሼ በዚህም ላይ በቀይ አስምረውበታል። «አባዬ፣ ጣሊያኖቹንስ መቼ ነው የምናያቸው?» አለችኝ። «ምግብ ሲያቀርቡልን» አልኳት።

ሁሉም ተስማምቶ ባለቤቴ ላፕቶፑን ልትዘጋ ስትል፣ ምንም ያልፈለጉት እትዬ ከቦርሳቸው አንድ ወረቀት አወጡ። የእህት ልጆች፣ የጎረቤት፣ የማኅበር ጓደኛ የእግር ቁጥር በተራ ተጽፎበታል። «ጫማ የምንገዛው የቱ ጋ ነው?»

የቆዳ ገበያው ፍሎረንስ ነው፤ ሰዓት ግን የለም። ባለቤቴ ከሙዚየሙ ላይ ደቂቃ አልሰጥም አለች። እትዬ የእስጢፋኖስን ሰዓት የሚነካ ወዮለት አሉ። ሁላችንም ወደ ጋሼ ዞርን።

«ከአበበ መንገድ ላይ አትቀንሱም» አሉ ቆጣ ብለው። ትንሽ አሰቡና ግን ለዘቡ። «ሰዓት ካጠረ፣ እሮጣታለሁ።»