መቶ ካልሞላ አይነቀልም

አዲስ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ከሻጩ የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር «ጨርሰህ አጥፋና ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርገው፤ ባትሪው ይለምዳል» የሚል ነው። መካሪው አልተሳሳተም፤ ከ30 ዓመት በላይ ዘገየ እንጂ። ምክሩ ለኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነበር። ሶኒ የዛሬውን የላፕቶፕ ባትሪ፣ ሊቲየም አየንን፣ ለገበያ ያበቃው እኮ እ.ኤ.አ. በ1991 ነው! ይህኛው ባዶ መሆንን አይወድም፤ ሞልቶ መሰንበትም ያስረጀዋል። ከ20 እስከ 80 በመቶ ሲመላለስ ይስማማዋል።

መብራት መቼ እንደሚሄድ በማይታወቅበት ሰፈር 80 ላይ መንቀል ጀግንነት ስለሚሆን፣ በዚህ የምወቅሰው ሰው የለም። የአለቃ ላፕቶፕ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ዴስክቶፕ ለማዕረጋቸው አልመጥን ብሎ የተገዛ፣ ከሰኞ እስከ ሰኞ እንደተሰካ የሚኖር፣ ከጠረጴዛው ተነስቶ የማያውቅ ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር! ባትሪው ሲያብጥና ኪቦርዱን ሽቅብ ሲገፋው «ጥራት ጠፋ» ተብሎ ፋብሪካው ይረገማል።

እቤት ያለው ላፕቶፕ ደግሞ የሚበርደው ይመስል ብርድ ልብስ ላይ ይቀመጣል። የአየር ማስወጫው ይታፈናል፣ ማራገቢያው ያቃስታል፣ ባለቤቱም የፊልሙን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። ባትሪን እንደ ሙቀት የሚፈጅ ጠላት ጥቂት ነው። ይሁንና ጥንቃቄ ጎደለን አይባልም፤ የክዳኑን ላስቲክ እስካሁን አልላጥነውም።

ብዙዎቹ አዳዲስ ላፕቶፖች 80 በመቶ ላይ መሙላት የሚያቆም ማስተካከያ ሴቲንግ ውስጥ አላቸው። እባካችሁ ክፈቱት፤ ነፃ ነው።