ከነእሽጉ

ከዐረብ አገር ቴሌቪዥን ገዝቶ፣ ሳይከፍቱ ልኮ፣ እቤት ሲደርስ ፈትቶ መሞከር በኢትዮጵያውያን ስደተኞችና በቤተሰቦቻቸው ዘንድ ሥር የሰደደ ሥርዓት ሲሆን፣ እንደ ማንኛውም የከበረ ሥርዓት የራሱ ሕግ፣ የራሱ ሹማምንትና የራሱ መሥዋዕት አለው። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የዕቃው መሥራት አለመሥራት የሚረጋገጠው መለወጥ በሚቻልበት ቦታ ሳይሆን፣ መለወጥ ፈጽሞ በማይቻልበት ቦታ ይሁን የሚል ነው። ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ይህ ድንጋጌ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለውን ሊያስታውሰው ይችል ይሆናል፤ ነገሩን በጥሞና ለመረመረ ግን ከጥልቅ ጥበብ የመነጨ መሆኑ ይገለጥለታል።

የሥርዓቱ የመጀመሪያ ክፍል የሚፈጸምበት አንዱ ስፍራ በሳዑዲ ዐረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት፣ ከደማም አጠገብ በባሕረ ሰላጤው ዳር በተዘረጋችው በኹበር ከተማ፣ አል ኹበር አል-ጀኑቢያ በሚባለው ሰፈር ነው፤ «አል-ጀኑቢያ» ማለት «ደቡባዊቱ» ማለት ነው። ዓርብ ዕረፍት የተፈቀደላት የቤት ሠራተኛ፣ ወር ሙሉ የሠራችበትን ሺህ ሪያል ግድም ይዛ፣ ከሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 15 በመቶ የሆነውን የተጨማሪ እሴት ታክስም ጨምራ፣ ቴሌቪዥኑን ትገዛለች። ሻጩ ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ ያወጣና ከጎኑ ወዳለው ሶኬት በአገጩ እያመለከተ «ጀርቢ» ይላታል፤ በዐረብኛ «ሞክሪ» ማለቱ ነው። ካርቶኑን ከፍቶ፣ ሰክቶ፣ ስክሪኑን አብርቶ መልሶ ለማሸግ የሚፈጀው አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ገዢዋ ግን መዳፏን በማሸጊያው ፕላስተር ላይ ጭና፣ እንቅልፍ የወሰደውን ሕፃን አትቀስቅስብኝ እንደምትል እናት፣ «ላ፣ ላ» ትላለች።

እዚህ ላይ ሴትዮዋን ሞኝ የሚላት ቢኖር ሥርዓቱን ያልተማረ ነው። ፕላስተሩ የተቆረጠ ካርቶን ወሎ ቤተሰቧ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚባል እርሷ አሳምራ ታውቃለች፤ «ያገለገለ ነው»፣ ከፋ ሲልም «የአሠሪዋን አሮጌ ላከችልን» ይባላል። ስለዚህ «ከነእሽጉ» የሚለው ቃል ስለ ዕቃው ጤንነት የሚናገር ሳይሆን ስለ ላኪዋ ፍቅር የሚመሰክር ነው። የቴሌቪዥኑ አገልግሎት ሥዕል ማሳየት፣ የካርቶኑ አገልግሎት ደግሞ ልጅቱ ቤተሰቧን አለመርሳቷን ማሳየት ሲሆን፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ በመሸጫው ጠረጴዛ ላይ ተወስኗል። በዚህም ምክንያት ካርቶኑ ካልተከፈተ በኋላ (ካለመከፈቱ የሚቀድም ሌላ ግዴታ የለም) በሌላ ፕላስተር ዙሪያውን ይጠመጠማል፣ በብርድ ልብስ ይጠቀለላል፣ በገመድ ይታሰራል፣ የተቀባዩ ስምና ስልክም በአራቱም ጎን በወፍራም ማርከር ይጻፍበታል። «ደማን» የሚባለው የዋስትና ወረቀት ብዙውን ጊዜ ዕቃው በተሸጠበት አገር ብቻ የሚሠራ በመሆኑ፣ «ፋቱራ» ከሚባለው ደረሰኝ ጋር ተጣጥፎ በላኪዋ ቦርሳ ኹበር ይቀራል፤ ዋስትናው ካለ ዕቃው የለም፣ ዕቃው ካለ ዋስትናው የለም።

ለፍትሕ ያህል፣ ዕቃው አገር ቤት ላይሠራ ይችላል የሚለው ፍርሃት ሥሩ ከንቱ አልነበረም። ኹበር አጠገብ በዳህራን አራምኮ የቴሌቪዥን ጣቢያውን የከፈተው በ1957 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ በመካከላቸው የ7 ዓመት ልዩነት መኖሩ፣ በሁለቱ አገሮች መካከል ስለሚመላለስ ዕቃ አስቀድሞ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ይመስላል። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በሳዑዲ ቤቶች 127 ቮልትም 220 ቮልትም ይገኝ ነበር፤ ቮልት የሚባለው የኤሌክትሪክ ግፊት መለኪያ ነው። አገሪቱ ወደ 230 ቮልት ለመሸጋገር የወሰነችው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። በኢትዮጵያ ግን መስመሩ 220 ቮልት ስለሆነ፣ ለዝቅተኛው ግፊት የተሠራ ዕቃ እዚህ ሲሰካ ጭሶ ያርፍ ነበር። የቀለም ሥርዓቱም የተለያየ ነበር፤ ሳዑዲ ለረጅም ጊዜ ሴካም የተባለውን፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ፓል የተባለውን ስትከተል፣ ሁለቱን አስማምቶ የማያነብ ቴሌቪዥን ባለቀለሙን ሥርጭት ጥቁርና ነጭ አድርጎ ያሳያል። እንግዲህ የዚያን ጊዜ ሰው «ይሠራ ይሆን?» ብሎ መጨነቁ ተገቢ ነበር። ዛሬ በአብዛኞቹ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ በ50ም በ60ም ኸርዝ እንደሚሠሩ የሚናገር ጽሑፍ ተለጥፏል። ቤተሰቡ በሙሉ የሚጠይቀውን ጥያቄ የሚመልሰው ይህ ጽሑፍ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዕድሜውን ይፈጃል።

የጉዞው ነገር በአጭሩ የሚታለፍ ነው። ካርጎው በባሕር ከሄደ ከደማም ወደብ ተነሥቶ በሆርሙዝ ሰርጥ ይወጣና፣ የዐረቢያን ልሳነ ምድር ዞሮ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከዚያ በጋላፊ በኩል በጭነት መኪና ይገባል። ስስ መስታወት መሰል ስክሪን ያለው ዕቃ ቆሞ እንጂ ተኝቶ መጓዝ እንደሌለበት በካርቶኑ ላይ በቀስት ተሥሏል፤ ብርድ ልብሱ ግን ቀስቱን ሸፍኖታል። ቀረጡ ይከፈላል፣ ባጃጁ ይጠራል፣ ኮብልስቶኑ የቀረውን ይጨርሳል።

ከዚህ በኋላ ዋናው ሥነ ሥርዓት ይመጣል፤ «መሞከር» የሚባለው ይህ ነው። ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ለላኪዋም በኢሞ በቪዲዮ ይደወላል። ብርድ ልብሱ በጥንቃቄ ይፈታል (እርሱም ራሱ ስጦታ ነው)፣ ገመዱ ይቋጠርና ይቀመጣል፣ ፕላስተሩም በሽንኩርት ቢላ ይቆረጣል። የመጀመሪያው እንቅፋት የሶኬቱ ራስ ነው፤ የሳዑዲው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ሲሆን የቤቱ ግድግዳ ደግሞ ሁለት ክብ ቀዳዳ ብቻ ስላለው፣ አንድ ልጅ ዲቫይደር ሊገዛ ወደ ሱቅ ይሮጣል። ልጁ ሲመለስ መብራት ሄዷል። መብራት ሲመጣ ቴሌቪዥኑ ይበራል፣ እልልታውም ይቀልጣል፤ ነገር ግን ስክሪኑ የሚናገረው በዐረብኛ ነው። በዚህ ጊዜ ስልኩ ወደ ቴሌቪዥኑ ይዞርና፣ ላኪዋ በኹበር ባለ አንድ ጠባብ የሠራተኛ ክፍል ውስጥ ሆና፣ መዳፏን በምታክል ስክሪን ውስጥ ባለ 50 ኢንች ስክሪን እየተመለከተች «ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ አሁን እሺ በይው» እያለች ታዛለች። ባንኮኒው ላይ በዐይኗ ልታየው ትችል የነበረውን ዕቃ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በሚቆራረጥ ኔትወርክ መፈተሽ የቻለችው በሥርዓቱ ታላቅነት ነው። ዲሹ ሳተላይቱ ወዳለበት ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ስላልዞረ «ሲግናል የለም» የሚለው ጽሑፍ ብቻ ቢታይ እንኳ፣ ተመልካቹ ጥራቱን ያደንቃል፤ እንዲህ ጥርት ያለ «ሲግናል የለም» ከዚህ በፊት አልታየምና።

ስክሪኑ ላይ መስመር ከወጣ ግን ምርመራው ወደ ሌላ ደረጃ ይሸጋገራል። ዐረቡ አታሏታል የሚል ወገን አለ፤ ካርጎው ጥሎታል የሚል አለ፤ ቡና የጠጣችውን ጎረቤት በጎን እያየ የሰው ዓይን ነው የሚልም አይጠፋም። ፕላስተሩን የሚጠረጥር አንድም ሰው የለም። የሠፈሩ ቲቪ ሠሪ ተጠርቶ ጀርባውን ሁለት ጊዜ ቆርቆር ካደረገ በኋላ ስክሪኑ እንደሆነ፣ ስክሪን ደግሞ እንደማይገኝ፣ ቢገኝም በዋጋው ሌላ ቴሌቪዥን እንደሚገዛ ያስታውቃል። ያኔ ስልኩ እንደገና ወደ ፊት ይዞራል። «አይ የኔ ልጅ፣ አትዘኚ፣ ሌላ ይገኛል» ትላለች እናት፤ ይህ ማጽናኛ ኹበር ሲደርስ የሌላ ወር ደመወዝ መሆኑን ግን ከላኪዋ በቀር የሚያሰላው የለም። ያንኑ ዓይነት ዕቃ መርካቶ ውስጥ ፊት ለፊት አስሞክሮ መግዛት አይቻልም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ የመርካቶው «ከዐረብ አገር የመጣ» እንደማይባል፣ ልጅ ላከችው ተብሎም ለእንግዳ እንደማይነገርለት ይብራራለታል።

ቴሌቪዥኑ ሠራም አልሠራም፣ ካርቶኑ አይጣልም። ስሙ የተጻፈበት ጎን ወደ በሩ እንዲያይ ተደርጎ ቁም ሣጥኑ ላይ ይቀመጣል፤ የኢንቹ ቁጥር ከታች ከተቀመጠ እንግዳ ዓይን እንዲገባም በመጠኑ ወደ ፊት ይዘነበላል። ጎረቤቲቱም ቡናዋን ፉት ስትል ቀና ብላ ቁጥሩን ታነብባለች፤ ማታ ደግሞ ጅዳ ላለችው ልጇ ትደውላለች።